ሹፌሯና ስምንት ቁጥር ፌንጣ

የአሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ ሹፌር በሥራዋ እንከን የማይወጣላት ሴት ነበረች። ተሳፋሪ አትቆጣም፤ አሮጊት ቦታዋን ይዛ ሳትደላደል ፍሬን አትለቅም፤ እንደ አንዳንድ ባልደረቦቿ መሪ ይዛ ስልክ አታወራም። ልቧን የሚያጠፋው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከወደ ሰማይ ያ «ተክ ተክ ተክ» የሚል ድምፅ የመጣ እንደሆነ፣ የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ አውቶቡሱን ጥግ ታሲዛለች፣ የእጅ ፍሬኑን ትስባለች፣ በሩን ትከፍታለች፣ ከዚያ እስከ ወገቧ በመስኮት ትወጣለች። ስትመለስ ፊቷ በርቷል።

«አሥራ ሁለት ቁጥር ናት» ትላለች ወደ ተሳፋሪው ዞራ። «ጭራዋን አዲስ ቀለም ቀብተዋታል።»

አዲስ ተሳፋሪ ከሆነ ይደነግጣል። የለመዱት ግን ሰምተው እንዳልሰሙ ወደ ጋዜጣቸውና ወደ ስልካቸው ይመለሳሉ። ከመካከላቸው «ስምንት ቁጥርስ፣ እትዬ?» ብሎ የሚነካካት አንድ ሰው አይጠፋም። «እሷ ገና ናት» ብላ ማርሽ ታስገባለች።

ሰው እንዴት በአንድ አሮጌ ሄሊኮፕተር እንዲህ ይሆናል የምትሉ ትኖራላችሁ። ፌንጣን ስላላያችኋት ነው። ፌንጣ ትንሽ ሄሊኮፕተር ናት፤ ስሙን ያወጡላት ወዳጆቿ ናቸው። ራሷ እንዳለ ክብ መስታወት በመሆኑ አብራሪው ከነጫማው ከሩቅ ይታያል። ጭራዋ ቆርቆሮ እንኳ አልለበሰም፤ አጥንቷ የወጣ፣ ብረቷ ተቆጥሮ የሚያልቅ ነው። በጎማ ፈንታ ሁለት የብረት እግር አላት። ቆማ ስትታይ ሠሪዎቿ ሳይጨርሷት ምሳ የሄዱባት ትመስላለች። እንዲህ ያሉ አሥራ ዘጠኝ ፌንጣዎች ሹፌሯ ገና ዳዴ ሳትል በሣጥን ታሽገው በመርከብ ገቡ። የጥጥ እርሻ መድኃኒት ሲረጩ፣ አብራሪ ሲያሠለጥኑ፣ ጎርፍ ሲመጣ ሰው ከጣራ ላይ ሲያነሱ ኖሩ። ፋብሪካው እነሱን መሥራት ከተወ ቆየ። እንግዲህ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ በየተራቸው ጡረታ ይወጡ ጀመር፤ የአንዷ ዕቃ እየተፈታ ለሌላዋ እየተገጠመ ቁጥራቸው ሳሳ።

ነገሩ የጀመራት በምሳ ሰዓት ነው። የአሥራ አራት ቁጥር መስመር የሚያልቀው ከትንሹ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ሥር ነው። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት፣ እዚያ መስመር ላይ በተመደበች በመጀመሪያው ቀን፣ አውቶቡሷን አቁማ ዳቦዋን ስትገምጥ አጥሩ ላይ የተለጠፉ አንድ ሰው አየች። ኮት ለብሰዋል፣ ደብተር ይዘዋል፣ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ጡረታ ከወጡ ሁለት ወራቸው የሆነ የሒሳብ መምህር ነበሩ።

«ልጄ፣ ዓይንሽ ደህና ነው?» አሏት ሳይተዋወቁ። «ያቺ የምትመጣው ስንት ቁጥር ናት?»

«አምስት» አለቻቸው።

መምህሩ ደብተራቸው ላይ አምስት ብለው ጻፉ፤ ከሥሩ አሰመሩበት፤ ደብተሩን ደረታቸው ላይ ለጥፈው በቆሙበት ሁለት ጊዜ ዘለሉ። ሹፌሯ ኮት የለበሰ የስልሳ ዓመት ሰው ሲዘል አይታ አታውቅም። ዳቦዋን ረሳች። እንዲህ የሚያዘልል ነገር በዚህ ዓለም ላይ ካለ ለእኔም ይድረሰኝ ብላ በወሩ አሮጌ ካሜራ ገዛች።

ከዚያ ወዲያ ማኅበርተኛ ሆነች። ማኅበሩ እንኳ ማኅበር ለመባል አይበቃም፤ አራት ሰው ነው። መምህሩ አሉ፣ አንድ ኤሌክትሪሺያን አለ፣ ፋርማሲስቷ አለች፣ እሷ አለች። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ መምህሩ ሳሎን ይሰበሰባሉ። ሶፋው ላይ ፎቶ ስለሚደረደርበት እነሱ የሚቀመጡት ምንጣፍ ላይ ነው። መምህሩ ትልቁን መዝገብ ይከፍታሉ፤ በሳምንቱ የተነሳው ፎቶ አንድ በአንድ በአጉሊ መነጽር ይታያል፤ የሚያልፈው ያልፋል፣ የሚወድቀው ይወድቃል። ለመውደቅ ደግሞ ብዙ መንገድ ነበር።

ዝርዝር ውስጥ የምትገባ ፌንጣ በሰማይ ላይ ስትበር የተነሳች መሆን አለባት፤ መብረሯም የሚታወቀው ትልቁ ክንፏ ሲሽከረከር ፎቶው ላይ ከታየ ብቻ ነው። ፎቶ አንሺ ላልሆነ ሰው ይህ ቀላል ይመስላል። የካሜራውን የፍጥነት ማዞሪያ ዝቅ አድርገው ስልሳ ላይ ሲያነሷት ክንፏ ጭስ የመሰለ ክብ ሆኖ ያምራል፤ ግን ነገር ሁሉ ትንሽ የተንቀጠቀጠ እንደሆነ ይጨፈገጋል፣ አብራሪውም ማን እንደሆነ እናቱ አትለየውም። ሁለት ሺህ ላይ ሲያደርጉት ደግሞ ሁሉም ጥርት ይላል፤ ብሎኖቿ ሳይቀሩ ይቆጠራሉ። ክንፏ ግን መብራት እንደጠፋበት የጣራ ማራገቢያ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ማኅበሩ እንዲህ ያለውን ፎቶ «የሞተች» ይለዋል፤ የሞተች አትቆጠርም። ከእነዚህ ከአራቱ በቀር በዚህ ጉዳይ የተኳረፈ ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም።

ሌላም ሕግ አላቸው፤ ይህን ያመጣችው ራሷ ሹፌሯ ናት። ኤሌክትሪሺያኑ አንድ እሁድ ዘጠኝ ቁጥርን ይዞ መጣ። ክንፏ ጭስ ብሏል፣ ገላዋ ጥርት ብሏል፣ እንከን የላትም። ሲጠየቅ ግን እሱ ሽንት ቤት ሳለ ሚስቱ ነበረች ያነሳችው። ሹፌሯ ብድግ ብላ በገዛ ጣቱ ያላነሳት ፌንጣ የሱ አይደለችም፣ ዘጠኝ ቁጥር የሚስትህ ናት አለችው። በሦስት ድምፅ ጸደቀ። የኤሌክትሪሺያኑ ሚስት ሳትፈልግ አንድ ፌንጣ ያላት ሴት ሆና ቀረች።

አሁን ወደ ፋርማሲስቷ እንምጣ። ፋርማሲስቷ ክኒን ለሁለት ስትከፍል አንደኛው ግማሽ ከሌላው በብናኝ የማይበልጥ ጠንቃቃ ሴት ናት። ፎቶዎቿን የምታስቀምጠው ሱቋ ውስጥ በመድኃኒት መሳቢያ ነው፤ በቁጥር በቁጥር፣ ከሳል ሽሮፕ በላይ። ከሹፌሯ ጋር ሆድና ጀርባ ናቸው ማለት ይበዛል። ሰላምታ ይሰጣጣሉ፤ ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ግን አራት ዓመት ሙሉ ሁለቱም አሥራ ስምንት አሥራ ስምንት ላይ ቆመው ነበር፤ ሁለቱም የጎደለቻቸው ያቺው ስምንት ቁጥር ናት። ቀድማ ያነሳቻት አሥራ ዘጠኙንም የሞላች የመጀመሪያዋ ሰው ትሆናለች። መምህሩ አሥራ ሰባት አላቸው፤ ኤሌክትሪሺያኑ አሥራ ሦስት አለው፣ ሚስቱ አንድ። ስለዚህ ፉክክሩ የሁለቱ ነው። ሹፌሯ ጉንፋን ሲይዛት እንኳ መድኃኒት የምትገዛው ከሌላ ሰፈር ነበር፤ ስምንት ቁጥር በምትመጣበት ቀን የሚያስተኛ ትሰጠኛለች ብላ።

ስምንት ቁጥር ደግሞ ልብ አውልቅ ናት። ዓመቱን ሙሉ ሩቅ ያለ የጥጥ እርሻ ላይ ትውላለች፤ ለምርመራ የምትመጣው በዓመት አንዴ ሲሆን፣ የምትመጣበትን ቀን አብራሪዋም አያውቀው። ፋርማሲስቷ አንድ ጊዜ ሱቋን ዘግታ እርሻው ዳር ሦስት ቀን ሰፍራ ነበር፤ ሦስቱንም ቀን ስምንት ቁጥር መለዋወጫ ስትጠብቅ መሬት ላይ ተኝታ ከረመች። የሹፌሯ ይባስ። አደባባይ ላይ፣ ሙሉ አውቶቡስ ይዛ፣ በሁለት መኪና መሐል ተቀርቅራ ሳለ፣ ስምንት ቁጥር ቁጥሯ እስኪነበብ ድረስ ዝቅ ብላ ከአናቷ በላይ አለፈች። ተሳፋሪው በሙሉ ቆመ። አንድ ቦርሳ የያዘ ሰውዬ ደግ ለመሥራት ብሎ ካሜራዋን ከመቀመጫዋ ሥር አወጣና ወደ ሰማይ አነጣጠረ።

«እንዳትነካው» አለችው፤ ድምፅዋን ተሳፋሪዎቿ እንዲያ ሆኖ ሰምተውት አያውቁም።

ሰውዬው ካሜራውን እንደ ትኩስ ድስት መለሰው። እሱ ቢያነሳት ኖሮ ስምንት ቁጥር የሱ ትሆን ነበር፤ ሹፌሯ ይህን ስታስብ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ላብ አጠመቃት።

ባሏ ጥርስ ሠሪ ነው። የሳሎናቸው ግማሽ የሰው ጥርስ፣ ግማሹ የፌንጣ ፎቶ ሆኖ እንግዳ የቱን እያየ እንደሚቀመጥ ግራ ይገባዋል። ባሏ ስለ ሄሊኮፕተር ደንታ የለውም፤ ግን ከእሷ ጋር ኖሮ ኖሮ ሳያስበው ድምፃቸውን መለየት ጀምሯል፤ በዚህም ያፍራል። እናቱማ ልጄ ያገባው ሹፌር ነው ወይስ ዝናብ ጠባቂ እያሉ ያሾፉ ነበር፤ ምራታቸው መቼም አንገቷ ከሽቅብ አይመለስ።

እንዲህ ስትኖር ነው ወሬው የመጣው። መምህሩ እሁድ ዕለት መዝገቡን ከፍተው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። አሥራ ስምንቱ ፌንጣዎች መሬት ላይ ከቀሩ ቆየ፤ አሁን ደግሞ ስምንት ቁጥርም ጡረታ ልትወጣ ነው። ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ከትንሹ ማረፊያ ተነስታ ሌላ ከተማ ወዳለ ሙዚየም በራሷ ክንፍ ትሄዳለች። ከዚያ ወዲያ የምትበር ፌንጣ የለችም። ሹፌሯና ፋርማሲስቷ ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሐሙስ ዝናብ ይኖር እንደሆነ ጠየቁ።

ሐሙስ ሰማዩ ታጥቦ እንደ ተሰጣ አንሶላ ነበር። ሹፌሯ ፈረቃዋን ከሌላ ሹፌር ጋር ተቀያይራለች። ጠዋት የሻይ ብርጭቆ መያዝ ሲያቅታት ያየ ባሏ፣ ብቻዋን ከላካት አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች ብሎ የጥርስ ሥራውን ዘግቶ አብሯት መጥቷል። አራቱም አጥሩ ሥር ተሰልፈው ማዞሪያቸውን ስልሳ ላይ አድርገው ሲጠብቁ የስምንት ቁጥር አብራሪ፣ ካፒቴኑ፣ በእግሩ ወደ እነሱ መጣ። ይህ ሰው አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አራቱን ያያቸው ከላይ፣ አናት አናታቸውን ብቻ ነበር። በፊታቸው ሊለያቸው አልቻለም።

የሚበርበትን ነገራቸው፤ ከመጋዘኑ ጀርባ ይነሳል፣ በእነሱ ፊት ዝቅ ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ያልፋል፣ ከዚያ ነዳጅ ስለማይበቃው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መምህሩ በአእምሯቸው አስልተው ስድስት ሰከንድ አሉ። ካፒቴኑ ግን ገና አልጨረሰም። የመድኃኒት መርጫው ጋን ከስምንት ቁጥር ላይ ወርዷል፤ አጠገቡ አንድ ወንበር ባዶ ሆኗል።

«እስከዚያ ድረስ ብቻዬን ከምሄድ» አለ፣ «ከእናንተ አንዳችሁን ልውሰድ።»

ጉድ ፈላ። አራቱም ባንድ አፍ ማውራት ጀመሩ። ኤሌክትሪሺያኑ ክብደቱ ቀላል እንደሆነ ይናገራል፣ መምህሩ ዕድሜያቸውን ይጠቅሳሉ። ፋርማሲስቷ ናት መላ ያመጣችው፤ ከቦርሳዋ ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ አውጥታ ሦስት ነጭና አንድ ቀይ የቫይታሚን ክኒን ጨመረችበት፣ ነቀነቀችው፣ ጨርቅ አልብሳ አዞረችው። ቀይ የደረሰው ይበራል። ሹፌሯ ምንም ሳታስብ እጇን ከታ አወጣችና መዳፏን ገለጠች። ቀይ ናት። በደስታ ጮቤ ረገጠች፣ ባሏን አቀፈች፣ ካፒቴኑን አቀፈች፣ ክኒኗን የት እንደምታደርጋት ቢጠፋት ዋጠቻት።

«በቀን አንድ፣ ከምግብ በኋላ» አለች ፋርማሲስቷ ደርቃ። ከዚያ ፊቷ ቀስ በቀስ ሲፈካ ሹፌሯ አየች። ያኔ ነው ነገሩ ለራሷም የገባት።

ስምንት ቁጥር ውስጥ የተቀመጠ ሰው ስምንት ቁጥርን ከውጭ ሊያነሳት አይችልም። ካሜራዋን ለባሏ እንዳትሰጥ የጣት ሕግ አለ፤ ሕጉ ደግሞ የራሷ ነው። ወደ ላይ ከወጣች ዝርዝሯ አሥራ ስምንት ላይ ለዘላለም ይቆማል፤ ታች ያለችው ፋርማሲስት በስድስት ሰከንድ አሥራ ዘጠኝ ትሞላለች። ወንበሩን ለፋርማሲስቷ ብትሰጣት ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ፋርማሲስቷ ትበራለች፣ የሞላው ዝርዝር የሹፌሯ ይሆናል። አሥራ ስድስት ዓመት የለፋችበት ነገር በእጇ ገብቷል። የሚፈለግባት ወንበሩን እንኪ ማለት ብቻ ነው።

«ግቢ እንጂ» ትላለች ፋርማሲስቷ። «እንዲህ ያለ ዕድል በዕድሜ አንዴ ነው።» ደግነቷ ልክ የለውም፤ የሹፌሯን ቦርሳ ተሸከመችላት፣ የኮቷን ትከሻ አራገፈችላት፣ ነፋስ እንዳይመታት የራሷን ሻርፕ አንገቷ ላይ ጠመጠመችላት። በዚያ ሁሉ ዓመት እንዲህ ነክታት አታውቅም።

ሹፌሯ ወገቤን አለች። አንዴ ወንበሩን ታያለች፣ አንዴ ካሜራዋን። እንኪ የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ከንፈሯን ነክሳ ያዘችው። ዞራ ባሏን አየችው። ባሏ ነገሩን ሁሉ ተረድቷል። አብሯት ሃያ አምስት ዓመት ኖሮ ይህን ሒሳብ ያጣዋል ማለት ዘበት ነው። ጠጋ ብሎ፣ ሌሎቹ በማይሰሙት ድምፅ ተናገራት።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ስታደርሺ ኖርሽ። አንቺን የሆነ ቦታ ያደረሰሽ ሰው ግን አላየሁም። ሂጂ።»

ሄደች። ቀበቶ ታጥቃ፣ የጆሮ መከላከያ አድርጋ፣ ካሜራዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሞተሩ ሲነሳ ወንበሩ፣ ብረቱ፣ ጥርሷ ሳይቀር ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሳቅ የጀመራት ያኔ ነው። አሥራ ስምንት ፌንጣ ከሥር ሆና አይታለች፤ ውስጧ ሲገቡ ከጫማ ሥር እንኳ መስታወት መሆኑን ግን ማንም አልነገራትም። ሣሩ ከእግሯ ሥር ወረደ። የመጋዘኑ ጣራ ወረደ፤ ጣራው ላይ የማን እንደሆነች የማትታወቅ አንዲት ጫማ አለች። ይህም አሳቃት። ካፒቴኑ ምን እንዳሳቃት ጠየቃት፤ መልስ ልትሰጠው ብትሞክር ሳቁ አላስወራት አለ። በማኅበሩ ፊት ሲያልፉ ሦስት ካሜራ ወደ እሷ ሲዞር፣ ባሏም ባርኔጣውን እያውለበለበ በጎን ሲሮጥ አየች፤ እሱ ሲሮጥ ያየችው ከሠርጋቸው በፊት ነው። ስድስቱ ሰከንድ እንደዚያ በሳቅ አለቀ።

ከአጥሩ ማዶ የአሥራ አራት ቁጥር መስመር ከላይ ተዘረጋላት። ሃያ ደቂቃ የሚፈጀውን ዳገት በአንድ ትንፋሽ አለፉት። ያ ላብ ያጠመቃት አደባባይ የቁልፍ ያህል ነው። አውቶቡሷም ይኸውና፣ ፌርማታ ላይ ጥግ ይዞ ቆሟል፤ ተለዋጩ ሹፌር ከመስመሩ አንድ ክንድ አልፎ እንዳቆመው ልብ አለች። ተሳፋሪዎቹ ግን ውስጥ የሉም። ሁሉም ወርደው አስፋልቱ ዳር ተሰልፈው ሽቅብ እያዩ እጃቸውን ያወዛውዛሉ፤ ውስጥ ያለችው እሷ መሆኗን አያውቁም።

«ስምንት ቁጥር ናት» ብላ ጮኸችላቸው በመስታወቱ። አልሰሟትም፤ ግን ሁሉም ዓይን ነበራቸው፣ ቁጥሩን ያነበቡት መሰላት። ካፒቴኑ ጆሮውን ይዞ ሳቀ።

አንድም ፎቶ አላነሳችም። ሙዚየሙ ግቢ ሲያርፉ ነው ካሜራው ጭኗ ላይ እንዳለ ትዝ ያላት። ሞተሩ ጠፍቶ ክንፉ እየዘገመ፣ እየዘገመ ቆመ። ካፒቴኑ እጁን ከመሪው ላይ ቶሎ አላነሳም። ሹፌሯ እንባዋ መጣ፤ ሳቋ ግን አልሄደም፤ ሁለቱም አብረው ቆዩባት። ወደ ቤቷ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ተመለሰች፤ በየመታጠፊያው የሹፌሩን አያያዝ እየተቸች አጠገቧ የተቀመጡትን ሴትዮ አላስተኛቻቸውም።

እሁድ መጣ። ሹፌሯ ሽንፈቷን አምና፣ ኩርፊያ ያለ እንዳይመስልባት ኬክ ይዛ መምህሩ ቤት ሄደች። ባሏም አብሯት ሄደ፤ የሆዷን ስለሚያውቅ ነው። መምህሩ መዝገቡን ከፍተው ለፋርማሲስቷ አሥራ ዘጠነኛ መስመር አዲስ ቀይ እስክሪብቶ አዘጋጅተዋል። የመምህሩና የኤሌክትሪሺያኑ ስምንት ቁጥር አስቀድሞ ታይቶ አልፏል። ፋርማሲስቷ ግን እንደ ወትሮዋ ቀድማ አልጀመረችም። ፖስታዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ በኋላ ትልቅ አድርጋ ያሳጠበችውን አንድ ፎቶ አውጥታ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው።

ሁሉም አጎንብሰው አዩ። ስምንት ቁጥር እጅግ ጥርት ብላለች፤ ቁጥሯ ይነበባል፣ ብሎኖቿ ይቆጠራሉ። ክንፏ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በመስታወቱ ውስጥ ሹፌሯ የፋርማሲስቷን ሻርፕ እንደ ጠመጠመች፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አፏን እስከ ጉሮሮዋ ከፍታ ትስቃለች። ባሏ አጉሊ መነጽሩን ከመምህሩ እጅ ተቀብሎ ወደ አፏ አስጠጋው።

«ከላይ፣ በስተቀኝ፣ ሁለተኛዋ መንጋጋ ልትቦረቦር ነው» አለ። «እኔ እንኳ ቤት ውስጥ አላየኋትም።»

መምህሩ አዝነው ምነው ልጄ፣ ማዞሪያውን ረሳሽው አሏት። ኤሌክትሪሺያኑ ግን አልረሳችም አለ፤ አጠገቧ ቆሞ ነበር፣ ስምንት ቁጥር ከመጋዘኑ በላይ ብቅ ስትል ማዞሪያውን ከስልሳ ወደ ሁለት ሺህ ስታዞረው በዓይኑ በብረቱ አይቷል፤ ያበደች መስሎት ነበር። ሹፌሯ ፎቶውን ማየት ትታ ፋርማሲስቷን ማየት ጀመረች። ይህች ሴት ክኒን በብናኝ አትሳሳትም።

«ለምን?» አለቻት።

ፋርማሲስቷ ምንጣፉ ላይ የሌለ ቆሻሻ ለቀመች።

«ስትነሱ አየሁሽ። እንዲያ ስትስቂ። በስልሳ ባነሳው ክንፏ ያምር ነበር፤ አንቺ ግን ተጨፍግገሽ ትቀሪ ነበር። ፌንጣስ አሥራ ስምንት አለኝ። ያንቺ ግን ይኸው ይህን ሁሉ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን አንድ ፎቶ እንኳ የለኝም።»

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ሕግ ሕግ ነውና ለድምፅ አቀረቡት። የሞተች ናት ብላ መጀመሪያ እጇን ያወጣችው ፋርማሲስቷ ናት፤ ቀጥሎ ኤሌክትሪሺያኑ፣ ቀጥሎ መምህሩ። ሹፌሯ ድምፅ አልሰጠችም። ካሜራዋን ከቦርሳዋ ለማውጣት ትታገል ነበር፤ ዚፑ እምቢ ብሏታል። በመጨረሻ አወጣችውና ማዞሪያውን ሁለት ሺህ ላይ አደረገችው።

«ወደ መስኮቱ ዙሪና ቀና በይ» አለቻት።